በረዶ በሌለበት አገር በረዶ መስበር

መልካ ጀብዱ ላይ በረዶ የሚሰበረው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለስላሳ ለማቀዝቀዝ። ግንቦት ሲገባ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው ይህ ሰፈራችን እንደ ምጣድ ይግላል። በረዶ የሚባለውን ነገር የምናውቀው ከፍሪጅ ሲወጣ ወይም ከስንት አንዴ ከሰማይ ሲወርድ ነው። ሆኖም ዘንድሮ የሰፈራችን ልጆች እንዳነብላቸው ከላኩልኝ አጫጭር ልብ ወለዶች በሦስቱ ውስጥ አንድ ሰው «በረዶውን ሰበረ»። አንደኛው ገጸ ባሕርይ በረዶውን የሰበረው ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ፣ ላቡ በግንባሩ ኩልል እያለ ነው።

ልጁ ምን ማለት እንደፈለገ ይገባኛል። የማይተዋወቁ ሰዎች ተፋጠው ተቀምጠው ሳለ አንዱ ቀድሞ አወራ ማለቱ ነው። እንግሊዝኛውን የሚያውቅ አንባቢ ወዲያው ይረዳዋል። የማያውቀው ደግሞ ዞር ዞር ብሎ በረዶውን ይፈልጋል። ቴሌግራም ላይ የሚወጡትን የወጣት ጽሑፎች የሚከታተል ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሞልቶ ያገኛል፤ «በቀኑ መጨረሻ»፣ «ስሜት ይሰጣል»፣ «ልዩነት መፍጠር»፣ «የበረዶ ግግሩ ጫፍ»። ቃሉ ሁሉ አማርኛ ነው፤ ሥዕሉ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነው።

ይህን ጽሑፍ ልጆቹን ለመቆጣት አልጻፍኩትም። ድሬዳዋ ውስጥ ተቀምጦ «የውጭ ቃል አትንኩ» ማለት እኮ ያስቃል። ከተማዋ ራሷ በባቡር ተጭና የመጣች ናት።

የሆነው እንዲህ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። የሐረርን ተራራ መውጣት ግን ከባድ ሆነ፤ ስለዚህ ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከተራራው ግርጌ ሜዳው ላይ ቆመ። በቆመበትም ከተማ በቀለ። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1917 እ.ኤ.አ. ጊዜ ወስዷል። በእነዚያ ዓመታትና ከዚያም በኋላ የፈረንሳዮቹ ኩባንያ ከሐዲዱ ጋር ቃላት ዘረጋ። ፉርጎ የምንለው ፈረንሳይኛ ነው። አዲስ አበባ ያለው ለገሀር «ጣቢያው» የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቡፌ የምንለውም እንዲሁ። ባቡር የሚለው ቃል ራሱ እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓ ቃል ተነስቶ በቱርክና በዓረብ አፍ ዞሮ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ጣልያን ደግሞ በተራው ማኪና፣ ጎሚስታ፣ ቦሎ እያለ ጨመረበት። ዛሬ ጎማው የተነፈሰበት ሰው «ጎሚስታ የት አለ?» ሲል ጣልያንኛ ተናገርኩ ብሎ የሚያስብ የለም።

ግን እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ፤ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ፉርጎ የሚለው ቃል ሲመጣ ፉርጎው ራሱ አብሮት መጥቷል። ዕቃው በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይነካል፣ ስም ያስፈልገዋል። ፈሊጥ ግን ዕቃ ይዞ አይመጣም። የሚያመጣው የሌላ ሰው ኑሮ ሥዕል ነው። መርከብ በበረዶ ተይዞ በሚቆምበት ባሕር የኖረ ሕዝብ መንገድ ለመክፈት በረዶ መስበር ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ ኑሮ ፈሊጥ ይወጣል። እኛ ደግሞ ጨዋታ የሚጀምርበት መንገድ አጥተን አናውቅም። ጨዋታ እንከፍታለን፣ ወግ እንጠርቃለን፣ አፍ እናፍታታለን። ድሬ ላይማ «አቦ!» የምትለው አንዲት ቃል ብቻዋን ሥራውን ትጨርሰዋለች።

ድሬዳዋ በዚህ ጉዳይ አንድ የሚገርም ታሪክ አላት። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ታተመ፤ ጦቢያ በሚል ስም የምናውቀው ነው። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በዚያው ዓመት በፈረንሳይኛ ለመንገደኞች የሚሆን የንግግር መምሪያ አሳትሟል፤ ከዚያ በፊትም የአማርኛን ሰዋስው ለጣልያኖች ጽፏል። ቀን ተሌት በሁለት ቋንቋ መካከል ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ይህ ሰው በኋላ ነጋድራስ ሆኖ ድሬዳዋ ላይ ሠርቷል። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ፣ የጉምሩክ ሹም ነው። ስለ ኢኮኖሚ በአማርኛ በመጻፍ ፈር የቀደደው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም እዚሁ ድሬዳዋ በዚያው ሹመት ላይ ነበር። በጀርመን ቋንቋ ተምሮ፣ በአማርኛ አስቦ ጻፈ፤ በ1919 እ.ኤ.አ. ገና በወጣትነቱ ሞተ፤ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። የአማርኛ ልብ ወለድ ጀማሪ የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ነበር። ከባሕር ማዶ የሚገባውን ጭነት እያስፈታ «ይኼ ምንድነው? እኛ ዘንድ አለ ወይ? ለማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ሥራው ነበር። ደራሲ ፈሊጥ ሲያስገባ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

ደግሞ የተዋሰነው ከእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊትም አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ የተተረጎመው በአክሱም ዘመን ነው። የዕብራይስጥና የግሪክ ሥዕሎች አብረው ገቡ። አማርኛውን አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ካይሮ ላይ ተረጎመው፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ታተመ። እንግሊዞችም በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሣቸው መጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋቸውን በፈሊጥ ሞልቶታል። ስለዚህ «የምድር ጨው»፣ «በግድግዳ ላይ የተጻፈው ጽሕፈት»፣ «ዕንቁን በእሪያ ፊት መጣል»፣ «ዕውር ዕውርን ሲመራ»፣ እንደ ጲላጦስ «እጄን ታጥቤያለሁ» ማለት፣ እነዚህ ሁሉ በእንግሊዝኛም በአማርኛም አሉ። ማን ከማን ወሰደ ብላችሁ አትጨቃጨቁ፤ ሁለቱም ከአንድ ጉድጓድ ነው የቀዱት። «ወፍ ነገረችኝ» እንላለን፤ እንግሊዞችም ትንሽ ወፍ ነገረችኝ ይላሉ። በመጽሐፈ መክብብ ውስጥ ደግሞ ንጉሥን በስውር የሚያማውን ሰው ቃል የሰማይ ወፍ እንደምትወስደው ተጽፏል።

አንዳንዱንማ ከየት እንደመጣ መለየት ይቸግራል። «ውሃ የማያነሳ ምክንያት» እንላለን፤ እንግሊዝኛም ውሃ የማይይዝ ምክንያት ይላል። እንስራ ተሸክሞ ወንዝ የወረደ ሕዝብ ግን ይህንን ከማንም መማር አያስፈልገውም።

እንግሊዝኛ ራሱ በሰፊው የገባው ዘግይቶ ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት የተማረው ሰው ቋንቋ በአብዛኛው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ድሬዳዋ ላይማ በባቡሩ ምክንያት ከዚያም በኋላ ብዙ ቆይቷል። ከ1941 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ሆነ። ሁለተኛ ደረጃ የገባ ተማሪ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ተማረ፣ በአማርኛ አወራ፣ እንደኛ ሰፈር ልጅ ከሆነ ደግሞ ቤቱ ሲገባ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ሰላምታ ሰጠ። በዚህ መሀል «ሚና ተጫወተ»፣ «የሳንቲሙ ሌላ ገጽታ»፣ «የአዞ እንባ»፣ «አረንጓዴ መብራት»፣ «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» በጋዜጣና በሬዲዮ ገቡ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ የጋዜጣ ሽታ አላቸው። «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ግን ማንም እረኛ የሚለው ይመስላል፤ ድንጋዩም ወፉም ወንጭፉም እዚሁ ስላሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው የነቢይ መኮንንን ሥራ ነው። ነቢይ በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርከውን የማርጋሬት ሚቼልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የሚጠራው በነፋስ ነው። ነቢይ ግን ያንን ስም ትቶ መጽሐፉ የሚያልቅበትን ሐሳብ ርዕስ አደረገው፤ ነገም ሌላ ቀን ነው። በእንግሊዝኛ ይህ የቆየ የተለመደ አባባል ነው። በአማርኛ ግን የተወለደበት ቦታ ሌላ ነው፤ ነገ መኖሩን የማያውቅ እስረኛ በሲጋራ ወረቀት ላይ የጻፈው ነው። ዛሬ ልብ ወለዱን ያላነበቡ ሰዎች ጭምር ይሉታል። ለምን ተቀባይነት አገኘ? ቃላቱ በሙሉ ከቤት ናቸው፣ ሥዕሉ ማብራሪያ አይፈልግም፤ ያ ትውልድ ደግሞ ይህን የሚልበት ጉዳይ ነበረው።

ያው ዘመን የተገላቢጦሹንም አሳይቶናል። «የወረቀት ነብር»፣ «አምስተኛ ረድፈኛ»፣ «የታሪክ መንኮራኩር» የሚሉት ከቻይና፣ ከስፔን፣ ከሩሲያ ትግል በመጽሐፍና በበራሪ ወረቀት የገቡ አባባሎች ናቸው። «ቀይ ሽብር» ራሱ ትርጉም ነው፤ ሩሲያ ውስጥ በ1918 እ.ኤ.አ. የታወጀ ነገር ስም ነበር። ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ሲያውለው ቃሉ ከድርጊቱ ጋር እንደ ፉርጎ ተቀጥሎ መጣ። «ነፃ እርምጃ» የሚለውንም አስታውሱ። ሰው ተገደለ ለማለት እርምጃ ተወሰደበት ይባል ነበር። ግድያን «ገደሉት» ብሎ መናገር ለሰሚውም ለተናጋሪውም ይከብዳል። የተውሶ አባባል ሲሆን ግን ምላስ ላይ አይከብድም፤ ሥዕል ስለሌለው ደም አይታይበትም። የማናየውን ሥዕል ደጋግሞ መናገር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚያ ወዲህ ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

አሁን ወደ እናንተ ታሪኮች ልመለስ። ከተላኩልኝ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የፍቅር ናቸው፤ ገጸ ባሕርያቱም ሁሉ «በፍቅር ወደቁ»። አማርኛ ግን ድሮ «ፍቅር ያዘው» ነው የሚለው። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በእንግሊዝኛው ሰውየው ነው የሚወድቀው፤ ፍቅር ጉድጓድ ነው። በአማርኛው ፍቅር ራሱ መጥቶ ይይዛል፤ እንደ ጉንፋን፣ እንደ ፖሊስ። አማርኛ በሰው ላይ የሚደርሰውን ነገር በዚህ መንገድ ነው የሚያየው። እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ብርድ መታኝ፣ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ሳል ያዘኝ፣ ሆድ ባሰኝ። ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ላይ ነው የሚመጣው። ድሬ ላይ ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህ ሰዋስው እውነት እንደሆነ ያውቃል። «ወደቀ» ስትሉ ይህ ሁሉ ቤተሰብ ከጀርባ ይቀራል።

ሌላው ልብ ነው። በእንግሊዝኛ ልብ ያፈቅራል፣ ልብ ይሰበራል። የተሰበረ ልብ በመዝሙረ ዳዊትም ስላለ አማርኛው እንግዳ አይደለም። ግን በመንደራችን አነጋገር ልብ ሌላ ሥራ አለው፤ ልብ ማለት፣ ልብ መግዛት፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ቀና። ከስሜት ይልቅ ለአእምሮና ለድፍረት ይቀርባል። ልብ ወለድ የምንለውም ለዚህ ነው፤ ከሐሳብ የተወለደ። ሐዘንና ርኅራኄ ግን ታች ወርደው ሆድና አንጀት ውስጥ ይኖራሉ። ሆደ ቡቡ፣ ሆደ ሰፊ፣ አንጀቴን በላው፣ አንጀቴ ራሰ። የሚወዱትን ሰው «ሆዴ» ብሎ መጥራትስ ከየት መጣ?

ደስ የሚለው ደግሞ ይህ የአማርኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። መልካ የሚለው የሰፈራችን ስም በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ቋንቋዎቹም እዚህ ይሻገራሉ። ኦሮምኛ ገራ ማለት ሆድ ነው፤ ርኅራኄ «ገራ ላፊና» ይባላል፣ የሆድ ልስላሴ። ሶማሊኛ ሐዘንን «ዓሎል ሑሞ» ይለዋል፣ የሆድ መክፋት። ሦስቱም ጎረቤት ሐዘኑን አንድ ቦታ ያስቀምጣል። የመልካ ጀብዱ ልጅ «ሆድ ባሰኝ» ብሎ ሲጽፍ ከሦስት ቤት የሚሰሙት አሉ። «ልቤ ወደ ሺህ ቁርጥራጭ ተሰባበረ» ሲል ግን የሚሰማው ፊልሙን ያየው ብቻ ነው።

ጉዳዩ የጌጥ ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ ስለ ደቻቱ ጎርፍ ታሪክ ጽፋ ነበር። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሌሊት ሰው በተኛበት ወንዙ ሞልቶ ከተማውን ገባበት፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ልጅቷ ያንን ሌሊት አላየችም፤ ከቤተሰቧ ሰምታ ነው የጻፈችው፤ ቆንጆ አድርጋም ጽፋዋለች። አንድ ቦታ ላይ ግን ዝናቡ «ድመትና ውሻ» ሆኖ ይዘንባል። ታሪኩን አንድ ማታ ጮክ ብላ ስታነብ ከጎረቤት መጥተው የሚያዳምጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ የዚያን ሌሊት ዘመድ ያጡ። እዚያ ቦታ ስትደርስ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ እስቲ ልጄ፣ ውሻውን ጎርፍ ወሰደው ነው ያልሽው?»

«አይ እማማ፣ በጣም ዘነበ ለማለት ነው።»

«እንዴ፣ ከተማው ላይ እኮ ያን ያህል አልዘነበም። ዝናቡ ላይ ተራራው ነው የዘነበው። እኛ የሰማነው ድምፁን ነው፤ ባቡር የመጣ ነው የመሰለን።»

ልጅቷ ዝም አለች፤ ከዚያ እስክሪብቶ ፈለገች። ድመትና ውሻው ወጣ፣ ባቡሩ ገባ። ያ ታሪክ አሁን ሌላ ነገር ሆኗል። የተውሶው አባባል አስቀያሚ ስለነበረ አይደለም የወጣው። እውነቱ መቀመጥ የነበረበት ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ነው። ፈሊጥ ስንዋስ ትልቁ ኪሳራ ይኼ ነው፤ ምን እንደታየና ምን እንደተሰማ ሳንጠይቅ እንድናልፍ ያደርገናል። ለነገሩ የራሳችን አባባልም ሲሰለች ያንኑ ያደርጋል። «ሰማይ ተቀደደ» ብትልም ኖሮ እማማ ያው እጃቸውን ያነሱ ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ከደጃችን ነው። የድሮው የፈረንሳዮች ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። አሁን በመልካ ጀብዱ በኩል የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ደግሞ 1.435 ሜትር ነው። የድሮው ፉርጎ በአዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም፤ ቢገፉትም አይሄድም። ዕቃው መሄድ ካለበት ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ፉርጎውን ትተህ ጭነቱን ታዛውራለህ። ነቢይ ያደረገው ይህንን ነው። የሰፈራችንም ልጆች «በረዶውን ሰበረ» የሚለውን ፉርጎ እዚያው ትተው፣ በውስጡ ያለውን ጭነት፣ ያንን የመጀመሪያ ድፍረት፣ በራሳቸው ሐዲድ ላይ መጫን ይችላሉ።

ፉርጎውን እንዳለ ማምጣት የሚያምርበት ጊዜም አለ። ገጸ ባሕርይህ ከውጭ የተመለሰ ዘመድ ወይም ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስብሰባ የሚውል ሠራተኛ ከሆነ «በቀኑ መጨረሻ» ይበል፤ እሱን በአንድ ቃል ታሳየናለህ። ወይም ደግሞ አጣምመው። እንግሊዞች ሁሉም እያየው ማንም የማያነሳውን ነገር ክፍል ውስጥ ያለ ዝሆን ይሉታል። እኛ ከሐረር ወዲያ ባቢሌ ላይ እውነተኛ ዝሆን አለን። ያንን ዝሆን ከባቢሌ ተነስቶ ሰዎች በርጫ ወደተቀመጡበት ቤት አስገባውና ምን እንደሚሉ ጻፍ። ያኔ ቀረጥ ከፍለህ አስገብተሃል ማለት ነው፤ ንብረቱ ያንተ ነው።

ዳኛቸው ወርቁ ይህን መንገድ በሁለቱም አቅጣጫ ሄዶበታል። አደፍርስን በአማርኛ ጻፈ፤ በ1973 እ.ኤ.አ. አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ የሚል ትርጉም ያለው ልብ ወለዱን በእንግሊዝኛ አሳተመ። ከዚያ በ1979 ዓ.ም. ከአምሳሉ አክሊሉ ጋር የአማርኛ ፈሊጦችን መዝገበ ቃላት አወጣ። በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የመጻፍ አቅም ያለው ሰው ተቀምጦ የእናቶቻችንን አነጋገር በፊደል ተራ ለቀመ። መጽሐፉን ካገኛችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቡት፤ «ሆድ» የሚለው ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉ።

የኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚህ ነው፤ ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ተከፍቷል። ኮንቴይነር በየቀኑ ይገባል፣ ይወጣል። ቃልም እንዲሁ ይገባል፤ ማንም አያቆመውም። እኔ የምጠብቀው የሚወጣውን ነው። አንድ ቀን የመልካ ጀብዱ ልጅ በእንግሊዝኛ ይጽፍና ሆዱ ሰፊ ስለሆነ ሰው ያወራል፤ ለንደን ያለ አንባቢ ደግሞ ግራ ገብቶት ዞር ዞር ብሎ ሆዱን ይፈልጋል። ከዚያ ይገባዋል፣ ይወደዋል፣ ለጓደኛው ይነግረዋል።